በወዳጅ ፈረስ የተረገጥኩበት ዘመን

ጅማ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ከሥራ መልስ ሄርማታ ገበያው አጠገብ ባለች ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በኮምፒውተር ጌም እዋጋ ነበር። ጌሙ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው በቡድን ተከፍሎ ምሽግ የሚነጣጠቅበት ነው። በዚያ ሁሉ ጦርነት ብዙ ጊዜ የገደለኝ ግን አጠገቤ የሚቀመጠው የራሴ ቡድን ሰው ነበር።

ሥራው ልብስ ሰፊነት ነው። እጁ የተመሰገነ፣ ሰላምታው የማያልቅ ትሁት ሰው። መከራችን የጀመረው ጌሙ ውስጥ ፈረስ ያገኘ ዕለት ነው። በዚያው ሰሞን የጌሙ ባለቤቶች አዲስ ሕግ አወጡ፦ ፈረስም ሆነ ጋሪ የገጨውን ሁሉ ይጎዳል፤ ወዳጅ ጠላት አይለይም። እውነተኛውን ዓለም እንዲመስል ነው አሉ። የእኛን ባጃጆች መጥተው ያዩ ይመስል።

የመጀመሪያው ቀን ከምሽጉ በር ስንወጣ ከኋላ መጥቶ ጨፈለቀኝ።

«ወላሂ አላየሁህም!» አለ።

«ፊትህ ነበርኩ እኮ!»

«ኔቱ ተንቀራፎብኝ ነው። ማሎ፣ እባክህ አትቀየመኝ።»

አልተቀየምኩም። ከሞት ተነሥቼ ወደ በሩ ስመለስ፣ ደህና መሆኔን ሊያይ ፈረሱን አዙሮ መጣና ደገመኝ።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲበረታ፣ ደጅ ተሳፋሪ ይጠብቁ የነበሩ አዛውንት ባለጋሪ ገብተው ከኋላችን ቆሙ። የደዶ ገጠር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፈረስ የጨረሱ። እሳቸው እያዩ ልብስ ሰፊያችን ሦስት የገዛ ጓደኞቹን ረግጦ አለፈ።

«ይኼ ፈረስ ዕውር ነው እንዴ?» አሉ።

«ፈረሱስ ደህና ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ዕውሩ የተቀመጠበት ነው።»

«ፈረስ እኮ ሰው መርገጥ አይወድም። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ቢያገኝ እንኳ ዘሎት ነው የሚያልፈው። የሚገጨው ጋሪው ነው፤ ጎማ ዓይን የለውም።»

ልብስ ሰፊው ከልቡ ጠየቃቸው፤ «እና ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ልጓሙን ቀደም ብለህ ሳብ። ሰው ጋ ስትደርስ አይደለም፣ ገና ሰው ስታይ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይመጡ ማን ይነግረኝ ነበር?» ብሎ ሊያመሰግናቸው ዞር አለ። ፈረሱ በዚያች ቅጽበት እኔን አገኘኝ።

ሁለት ወር ለፍቼ እኔም ፈረስ አገኘሁ። እስከዚያ ድረስ ልብስ ሰፊውን ስለ ጥንቃቄ ያላልኩት አልነበረም፤ የክፍል ተማሪዎቼ እንኳ ያን ያህል ትምህርት አልሰሙም። ፈረሱ ላይ ወጥቼ ገና ከመጋለቤ በሩ ተጨናነቀ፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚያቆም ጠፋኝና ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ የቆመውን ልብስ ሰፊ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩት። ሞተ።

ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ አየኝ። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

«አይዞህ» አለኝ፤ «ሲቆይ ይለመዳል።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ማንንም አልመከርኩም።

በየአገሩ እንደ እኛ የተረገጠ ብዙ ነበር መሰለኝ፣ የጌሙ ባለቤቶች ሕጉን ሻሩት። ፈረስ ወዳጁን እንደ ጭስ ሰንጥቆ ማለፍ ጀመረ። በሰላም ከበሩ ወጣን፤ ሁላችንም፣ በአንድ ጊዜ፣ ያለ አንዳች ጭረት። በሳምንቱም ምሽጋችንን ተነጠቅን። ለካ ጠላቶቻችን ጎበዞች ነበሩ፤ እኛው እርስ በርስ ስንገዳደል ተራ አልሰጠናቸውም እንጂ።

«ነገ ሌላ ምሽግ እንፈልጋለን» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሒሳቡን ከፍሎ ጃኬቱን እየለበሰ።

«በእግር» አልኩት።