ደርበው «ዛሬ» ያለው ነገር

ደርበውን የማታውቁት ካላችሁ፣ በፍላቂት ገበያ መሃል ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ኔትወርክ ሲለምን የምታዩት ረጅም ሰውዬ እሱ ነው። የመንግሥት የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ግን ቪዲዮ ነው። ወረዳ ያለው አለቃው «የቡድን ሥራችሁን በየቀኑ በአጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ በወረዳው የቴሌግራም ግሩፕ ላኩ፤ ያልተቀረጸ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ካለ ወዲህ የእርከን ቡድኑ ከሚቆፍርበት የሚቀረጽበት ጊዜ በለጠ። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩን ሲያነሳ ሁሉም አካፋውን ጥሎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ለፎቶ ቀጥ ይል ነበር። «ኧረ ቪዲዮ ነው፣ ሥሩ!» ሲል ኖሮ ኋላ ለመዱ። ስልኩ ሲነሳ ይቆፍራሉ፣ ሲወርድ ያርፋሉ።

የደርበው ልብ ግን የቄስ ገብረ ዮሐንስ ልጅ ሰርካለም ዘንድ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ቄሱም እሺ ሊሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

በሚካኤል ዋዜማ እንደ ልማዱ «ዛሬም ቡድናችን በእርከን ሥራ ላይ ይገኛል» ብሎ ቀርጾ ላከ። ኔትወርክ ስላልነበረ ቪዲዮው ስልኩ ውስጥ አደረና በማግስቱ፣ በሚካኤል ዕለት፣ በራሱ ጊዜ ሄደ። ከሰዓት በኋላ በረዶ ወርዶ ገብሱን አስተኛው። እኔ በረዶ በዓል እየቆጠረ ይወርዳል ብዬ አላምንም፤ ይህን ፍላቂት ቆሞ መናገር ግን ጉድ ያፈላል። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞሮ ቄሱ ዘንድ ሲደርስ ጥፋተኛው ተገኘ።

«በሚካኤል አካፋ ለሚያስነሳ ልጄን አልሰጥም!» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ።

ደርበው ሮጦ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«አባ፣ በመስቀሉ ይዤዎታለሁ፣ የተሠራው በዋዜማው ነው!»

«ታዲያ ምነው ዛሬ አልህ?»

«ሁልጊዜም ዛሬ ነው የምለው። ያልሠራን ቀን እንኳ የድሮውን እየላክሁ ዛሬ እላለሁ። ዋሸሁ እንጂ በዓል አልሻርሁም አባ።»

የቄሱ ፊት በራ። «በል ይኸንኑ በስልክህ ተናገር። ያኛው በሄደበት ይሂድ። ያን ጊዜ ልጅቱን ትወስዳለህ።»

ያኛው የሄደው ወረዳ ነው። ደርበው እንጀራውንና ሰርካለምን አመዛዘነና፣ እያላበው፣ ውሸቱን አንድ በአንድ ተናዝዞ ላከ። ከዚያ መባረሩን ይጠብቅ ጀመር። የአለቃው መልስ ወዲያው መጣ፦

«ግሩም አፈጻጸም! በዚሁ ቀጥሉ።»

ለካ አንዱንም ከፍቶ አያውቅም። ደርበው ሙሽራ መሆኑ እየታወሰውም፣ ማንም ላላየው ለዚያ ሁሉ ቪዲዮ በንዴት አለቀሰ።