ሦስት ክንድ ጥለት

ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል ሲወርዱ፣ አስፋልቱ ሳይደርሱ በስተግራ በምትታጠፈው ቅያስ ውስጥ ዮፍታሔ ፎቶ አንሺውን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ክርስትና ሲኖር እሱ፣ ሠርግ ሲኖር እሱ፣ ልጅ ተመርቆ ጥቁር ካባ ሲደርብም የሚጠራው እሱው ነው። በስንት ሳሎን ግድግዳ ላይ የእጁ ሥራ እንደተሰቀለ ራሱም አያውቀው።

ሲጠራ ታዲያ ከነሌንሱ ነው። ሌንስ ስላችሁ የዛሬ ልጆች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን መድፍ የሚያህል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሱዋ ከሎሚ ብዙም አትበልጥ፤ ኮት ኪስ ውስጥ ብትገባ ኪሱን እንኳ አታሳብጥም። ብረትና መስተዋት ብቻ ናት፤ ሞተር የላት፣ ባትሪ አትበላ፣ ባለቤቷ ሳያዛት በራሷ አትወስን። ቀለበቷን በጣት ሲያዞሯት ልስልስ ብላ ትሄድና ደብዛዛው ፊት ቀስ እያለ ይጠራል። ከሥሯ ጥፍር የምታህል የጣት ማሳረፊያ አለቻት። ድሮ የፊልም ካሜራ ላይ ነበረች፤ ፊልም ከገበያ ሲጠፋ ዮፍታሔ በማያያዣ ቀለበት ዲጂታሉ ላይ ገጠማትና ሥራዋን ቀጠለች። ሰው ትልቅ ሌንስ ሲደገንበት ይገተራል፤ ለሷ ግን ማን ይገተራል? "ይቺ ደግሞ ታነሣለች እንዴ?" ብለው ሲስቁ ዮፍታሔ ቀጭ ያደርጋታል። ግድግዳ ላይ የሚቀረው ያ ሳቅ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያነሣ ሰው፣ የገዛ ሚስቱ ፎቶ የላትም ብላችሁ ታምናላችሁ? የላትም! ሠርጋቸው ላይ የተነሣች አንዲት አፍሮዋን ያበጠረች ልጅ አለች፤ ያቺን ልጅ ግን ዛሬ ማን ያውቃታል። ከዚያ ወዲህ ብርቅነሽ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ናት፤ ፍላሽ ትይዛለች፣ የሙሽራ ቬሎ ታስተካክላለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታባብላለች። ልጃቸው ሩታ ስልኳን ያወጣች እንደሆነ መዳፏን ፊቷ ላይ ትጋርዳለች። "ያንቺ ስልክ ፊቴን ሳሙና ያስመስለዋል፤ ተይኝ እባክሽ!"

ያ ክፉ በሽታ በብርቅነሽ ጉበት ላይ ተገኘ። ሐኪሙ ሩታን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ አቁሞ "ቤታችሁ ይዛችኋት ብትሄዱ ይሻላል" አላት። ብርቅነሽ ማንም ሳይነግራት ገባት፤ አላለቀሰችም። ከጳውሎስ ሆስፒታል በታክሲ ሲመለሱ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"ዮፍቴ፣ የእህቴን ለቅሶ ታስታውሳለህ?"

እንዴት ይረሳዋል! ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ እየተቀባበሉ አቅፈው ያለቀሱበት ፎቶ ከመታወቂያ ላይ ተወስዶ የተለጠጠ ነበር። ነፍሷን ይማረውና ሴትየዋ በደረሰችበት ሁሉ ሰው የምታስቅ ነበረች፤ ፎቶው ግን አፍጥጣ፣ ደንግጣ፣ የሰው ቦርሳ ይዛ የተያዘች አስመስሏት ነበር።

"እኔን እንደሱ እንዳታዋርዱኝ" አለች ብርቅነሽ። "በመታወቂያ ፎቶ እንዳታስለቅሱብኝ። አንተ አንሣኝ፤ በትንሿ። ሰዉ ሲያለቅስ ለኔ ያልቅስ እንጂ ለማላውቃት ሴትዮ አያልቅስ።"

"አነሣሻለሁ" አላት። ሌላ ምን ይበል?

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዮፍታሔ አያይም ነበር። ጨርሶ አልጨለመበትም፤ ብርሃን ያያል፣ ሰው መቆሙን ያውቃል፣ ነጩን ከቀዩ ይለያል። ፊት ግን አያይም። የስኳር በሽታው ቀስ በቀስ ዓይኑን በልቶታል፤ የሄደው አይመለስም ብለውታል። ለሚስቱ አልነገራትም። መጀመሪያ "ለምን አስጨንቃታለሁ" አለ፤ ኋላ እሷ ስትታመም "አሁንማ እንዴት ተብሎ ይነገራል" ሆነ። ደረጃ ሲስት መነጽሩ ቆሽሾበት ነው፤ ሰላም የሚሉትን ሰዎች ሲያልፍ ሐሳብ ይዞት ነው። ሰበብ አጥቶ አያውቅም።

እንዴት ሆኖ ነው ታዲያ የሚሠራው? አንድ ጊዜ አውቶማቲክ ሌንስ ተውሶ ክርስትና ላይ ወጥቶ ነበር። ማሽኑ ሆዬ የሕፃኑን ፊት ትቶ የቄሱን ጃንጥላ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ዮፍታሔ አላየም፤ ያየው የሕፃኑ አባት ነው፤ ያን ቀን የሰማውን ለማንም አይመኝም። ከዚያ ወዲያ ማሽን ማመኑን ተወና ጣቱን አመነ። የትንሿ ሌንስ ጣት ማሳረፊያ ቀጥ ብላ ቁልቁል ስትንጠለጠል፣ ሌንሷ የምታጠራው ሦስት ክንድ ርቆ የተቀመጠውን ሰው ነው። ይህ ዓይን አይጠይቅም፤ ጣት ይበቃዋል። የቀረው ሦስት ክንዱን ሳይሳሳት ማግኘት ነበር።

ሽሮ ሜዳ ወረደና አንድ ሸማኔ ዘንድ ጠበብ ያለች፣ ገና ተሸምና ያለቀች አዲስ ጥለት መርጦ በክንዱ ለካ።

"ጋሼ፣ ውሃ ሳያስነኩ አይቁረጧት" አለው ሸማኔው። "ጥጥ ናት፤ ገብታ ታጥራለች።"

"ማን ሊያጥባት!" ብሎ ሳቀና አስቆረጣት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሊያነሣ ሲል የጥለቷን አንድ ጫፍ ካሜራው ላይ ያስርና ሌላውን ለተነሺው ያቀብላል። "ጉንጭህን አስነካው፤ ገድ ነው" ይላል። ሰዉ እየሳቀ ጉንጩን ያስነካል፤ ዮፍታሔ ጥለቷን ወጠር አድርጎ ሦስት ክንዱን ያገኝና ይለቃታል፤ ቀጭ። አንድም ተበላሽቶበት አያውቅም። ሰዉ የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለዋል። ብርቅነሽም ጨዋታ ነው የመሰላት፤ ምን ታድርግ፣ የነገራት የለ።

ከሆስፒታሉ ከተመለሱ በኋላ በነበረው ሳምንት ብርቅነሽን ትንሽ ቀለል አላት። ሰው ቀለል ሲለው ይተኛል አይደል? እሷ ልብስ አጠባ ገባች። "ለቀስተኛው ሲመጣ ቤቴን ቆሽሾ ሊያገኘው ነው እንዴ?" ብላ ሩታን ውሃ አስፈላች፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መጋረጃውን፣ አንሶላውን፣ ጋቢውን ሁሉ ፈተገች። "እማዬ ተይ፣ እኔ አጥበዋለሁ" ብትባል ጆሮ ዳባ ልበስ። የባሏን ኮት ኪስ ስትፈትሽ ደግሞ ያቺ ጥለት ወጣች፤ የስንቱን ሰው ጉንጭ ላብ ጠጥታ ጥቁርቁር ብላለች። "ወይ ጉድ፣ ይቺን ነው ሰው ፊት ላይ የሚያስነካው?" አለችና በፈላ ውሃ ዘፈዘፈቻት። አጥባ፣ አስጥታ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ኪሱ ውስጥ መለሰቻት።

ዮፍታሔ ከኪሱ ሲያወጣት ጥለቷ ሳሙና ሳሙና ሸተተችው። ደርቃ፣ ወፍራም ሆናለች። "ይቺ ሴት! በዚህ አቅሟ?" አለና መልሶ ከተታት። ሌላ ነገር በሐሳቡም አልመጣ።

ፎቶው የተነሣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ብርቅነሽ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫፉን በመደገፊያው ላይ ለቃ ተቀመጠች። ፀጉሯን ሩታ ጠዋት ሠርታት ወጥታለች። ዮፍታሔ ጥለቷን አቀበላት።

"ጉንጬን ላስነካ?"

"አስነኪ፤ ገድ ነው።"

"እንግዲህ ገድ ካለኝ..." ብላ ሳቀች። ሳቋን ሰማ። ጥለቷን ወጠራት፣ ለቀቃት፣ በጣቱ ማሳረፊያዋን ፈለጋት፤ ቀጥ ብላ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። ብርሃኑ ከጎን ነው፤ ካሜራውን ደረቱ ላይ አደላደለና ትንፋሹን ያዘ። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ተጠንቅቆ አያውቅም። ቀጭ።

ልማድ ሆኖበት መጀመሪያ እሱ ስክሪኑን አየ። ያየው አንድ ነጭ ነገር፣ መሐሉ ላይ አንድ ጠይም ነገር ነው።

"ጥርት ብለሻል!" አላት።

"እስቲ አምጣው።"

ካሜራውን ተቀበለችው። ውጭ ቆራሌው እየጮኸ መጣ፣ በበራቸው አለፈ፣ ድምፁ ራቀ፤ ብርቅነሽ አሁንም ስክሪኑ ላይ እንዳጎነበሰች ናት።

"ምነው?" አለ።

"ምን ምነው አለው?" አለች። "ቆንጆ ነኝ እኮ! ዛሬም እጅህ እጅ ነው፣ ዮፍቴ።"

"አንድ ልድገም፤ ለመጠባበቂያ።"

"አይ፣ ደከመኝ። ይቺ ትበቃኛለች።" ካሜራውን ስትመልስለት ግን እጁን ሳትለቀው ቆየች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ፣ "ለሩታ አሁን እንዳታሳያት፤ ታለቅሳለች። ቀኑ ሲደርስ ትየው" አለችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ዮፍታሔ ደስ ብሎት ነው ያሳለፋቸው። እግዜር ይቅር ይበለው፣ ሚስቱ እየሞተች ደስ ብሎት ነበር። ሌላው ሁሉ ቢቀር የጠየቀችውን አድርጓል፤ ዓይኑ ቢከዳውም ጣቱ አልከዳውም። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ እግሯን እያሸ፣ ይህን ለራሱ ደጋግሞ ይነግረው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። እድርተኛው ድንኳኑን ሲተክል ሩታ የካሜራውን ካርድ ይዛ ሽሮ ሜዳ ወደ ሸፊ ማተሚያ ቤት ሮጠች። ዮፍታሔ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ የሚጠብቀው እንባውን አልነበረም፤ ፎቶዋን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ፣ እነዚያ ሁሉ ሴቶች አይተዋት "ብርቅዬ! ራሷ እኮ ናት!" ሲሉ ሊሰማ ነው የጓጓው። ያን ከሰማ ሌላው ይምጣበት።

ሩታ ተመልሳ ትከሻውን ነካችው። "አባዬ፣ አንዴ ወደ ጓዳ።"

በሩን ዘጋችው።

"ሸፊ ሌላ የለም ወይ አለኝ።"

"ሌላ ምን ያደርግለታል? ያቺው ናት።"

"አባዬ... ፊቷ የለም።"

"እንዴት ነው ፊቷ የሌለው?"

"ፎከሱ ስቷል። ጭጋግ ነው። ከኋላዋ ወንበሩ ላይ ያረፈው ነጠላ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ጥለቱ ክር በክር ይቆጠራል። ፊቷ ግን..."

"ውሸት ነው!" አለ ዮፍታሔ። "እሷ ራሷ እኮ አይታዋለች! በእጇ ይዛ አይታ፣ ቆንጆ ነኝ ብላኛለች!"

ይህን እንዳለ ግን ራሱ ገባው። ብርቅነሽ እስከ መጨረሻው ሳምንት ያለ መነጽር ምስር የምትለቅም፣ አንዲት ጠጠር የማታመልጣት ሴት ናት። አይታዋለች። ፊቷ እንደሌለ አይታ፣ የባሏ ዓይን እንደጠፋ ያኔውኑ ገብቷት፣ ዝም አለች። "ዛሬም እጅህ እጅ ነው" ያለችው ይህን አይታ ነው። ሁለተኛ እንዳያነሣት የከለከለችውም፣ ደግሞ ሲስት እንዳታየው ነው። የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"አባዬ፣ አታይም እንዴ?" አለች ሩታ በሹክሹክታ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ምን አሳተምሽ?" አላት።

"ምን ላድርግ..."

"ምን አሳተምሽ ነው የምልሽ!"

"መታወቂያዋን።"

ወዲያው ድንኳኑ ውስጥ ጩኸቱ ናረ። ፎቶው ገብቷል። ከሁሉ በላይ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፦ "ብርቅዬ! ምነው እንዲህ አፍጥጠሽ ታይናለሽ! ምን አስደነገጠሽ፣ እህቴ!"

ሩታ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ዮፍታሔ ብቻውን ቀረ። እጁ ኪሱ ገባና ያቺን ጥለት አወጣ፤ እስከ ዛሬ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ውሃ ሳያስነኩ አይቁረጧት ያለው የሸማኔው ድምፅ የዚያን ጊዜ ነው ጆሮው ላይ የመጣበት። በደመ ነፍስ አንዱን ጫፍ ክርኑ ላይ አድርጎ እስከ ጣቱ ድረስ ዘረጋት፤ አንድ ክንድ። ደገመ፤ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጥለቷ የእጁ አንጓ ላይ ስትደርስ አለቀች። መዳፉ ባዶውን ቀረ።

ፎቶውን ያበላሸው ዓይኑም አልነበረም፣ ጣቱም አልነበረም። እሷ ግን ዓይኑ ነው ብላ፣ ለሱ አዝና፣ ያንን የመታወቂያ ፎቶ መርጣ ሄደች። "ምነው ፊቴ ጠፋ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ!" ሊላት አፉን ከፈተ።

እሱስ መቼ ነገራት።