የአባ ሸክላ ጆሮ

አባ ሸክላ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ጣቢያው የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀለት። ሰዓቱ የራሱ ሰዓት ነበር፣ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ልብስ ሰፊው መኪናውን ቀስ አድርጎ ይረግጥ ነበር፤ ፀጉር ቤቶቹ የፀጉር ማድረቂያ ካስካቸውን ያጠፉ ነበር፤ ባለታክሲው ተሳፋሪዎቹን «እስቲ አንዴ ዝም በሉ» ይል ነበር። ዛሬ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች በየተራ እየደወሉ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ። እንደ አባ ሸክላ ያለ ጆሮ ከእንግዲህ አይገኝም ይላሉ።

የጣቢያው ቴክኒሻን ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ተቀምጣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ጆሮ የሚል ቃል በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። አባ ሸክላ በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ምንም አይሰማም ነበር። ትንሽ ይከብደው ነበር ማለት አይደለም፤ ጭራሽ አይሰማም ነበር። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

ሬዲዮ ከመግባቱ በፊት ጫማ ሻጭ ነበር። ሱቁ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ አስቀምጦ፣ ለገበያተኛው እግር ጫማ ሲመርጥ ለልቡ ደግሞ ዘፈን ይመርጥለት ነበር። አንድ ቀን የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጫማ ሊለካ ገብቶ፣ አንድ እግሩን ባዶ እንዳደረገ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና ጫማውን ትቶ ሻጩን ይዞ ወጣ ይባላል። ወሬው የመጣው ከራሱ ከአባ ሸክላ ስለሆነ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ዘመዱ ሆነ። የተጣላውን ያስታርቃል፣ ያኮረፈችውን ያስቃል፣ ዘፈኑን ደግሞ ልክ በልኩ ያወጣል። ለቴክኒሻኗም ከአለቃ ይልቅ ታላቅ ወንድም ነበር። ጋሼ ትለዋለች፣ እሱም እህቴ ይላታል።

ምስጢሩ የወጣው በሸክላ ነው። ጆሮው በጠፋ ሰሞን አንድ ቀን የማጫወቻው መርፌ ጭረት ላይ ተሰነቀረና ዘፋኙ አንዲቷን ቃል ይደጋግማት ጀመር። ቴክኒሻኗ ቀና ብላ ብታይ፣ አባ ሸክላ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በደስታ ይነቀንቃል። ሮጣ ገብታ መርፌውን አነሳች። ዓይኑን ገልጦ ፊቷን ሲያይ ሁሉም ነገር ገባው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ «ስንቴ ደገመው?» አላት።

«ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ጋሼ» አለችው፤ ከንፈሯን አንብቦ ገባው።

«እንግዲህ አወቅሽብኝ። ሥራ አስኪያጁ ከሰማ ነገ ወደ ጫማዬ ነው የምመለሰው። ልጄ ከሰማች ደግሞ ዛሬውኑ እጄን ይዛ ታስወጣኛለች። እናቴን በይ።»

«እናቴን! ትንፍሽ አልልም።»

አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ሥራ ወጣላት። ደዋዩ የሚለውን ነገር በወፍራም ማርከር ነጭ ወረቀት ላይ በሁለት በሦስት ቃል ጽፋ፣ መስታወቱ ላይ ትደግንለታለች። «ሹፌር። ሚስቱ ወለደች። ሴት።» እሱ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ በጨረፍታ አንብቦ፣ «እልል! በመልክ እናቷን ትምሰል፣ አደራ!» ይላል። አገር ይስቃል። ድምፁ ከፍ ሲል መዳፏን ዝቅ ታደርግለታለች። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል በጣቷ ትቆጥርለታለች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት ጋሼ መርሳት ጀምሯል ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ዘመን የኮራችበት ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። አባ ሸክላ አንዲት ልጅ አለችው። ቴክኒሻኗ ከተማሪ ዩኒፎርሟ ጀምሮ ታውቃታለች። እናቷ ከሞተች በኋላ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ፣ ሳትሰናበተው ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ስልክም ደብዳቤም የለም። «ምን እንዳስቀየምኳት ባውቅ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር» ይል ነበር፣ ማዳመጫውን በመሀረብ እየጠረገ።

ሊሞት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ልጅቷ ደወለች። ለዜና አርባ ሴኮንድ ቀርቶ ነበር፤ የመጨረሻዋ ደዋይ ነበረች። ገና አፏን ስትከፍት ነው ቴክኒሻኗ ያወቀቻት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ለእማዬ የምታጫውትላትን ዘፈን አጫውትልኝ። ደግሞ... ልምጣ ወይ?»

ሕዝቡ እንደሆነ ግማሹ አባዬ ብሎ ስለሚጠራው ልብ ያለ አልነበረም። ቴክኒሻኗ ማርከሩን አነሳች፣ እጇም ቆመ። ልጅህ ናት ብላ ብትጽፍለት እዚያው እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ይጠይቃታል፤ ስትመልስለት አይሰማትም፤ አምስት ዓመት የተሸፈነው ጉድ በአርባ ሴኮንድ ይዘረገፋል። ከዜና በኋላ እነግረዋለሁ አለች በልቧ። ዘፈኑን ታውቀዋለች፣ ሰው ሁሉ የሚያስመርጠው ነው፤ ስሙን ጻፈችና ከስሩ «ለእናቷ» ብላ ጨመረችበት።

አባ ሸክላ አነበበና ፊቱ በራ። «እሺ የኔ ቆንጆ! እናትሽን ሳሚልኝ!»

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ግን በመስታወቱ ውስጥ አውራ ጣቱን አነሳላት፣ ጥሩ ሠራን ለማለት።

ዜናው አለቀ። ብርቱካን እየላጠ ይስቅ ነበር። የሞተችውን ሚስትህን ሳሚልኝ ያልከው ለገዛ ልጅህ ነው ብሎ ነገር በምን አፍ ይነገራል? ነገ አለች። ነገ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ከነገ ወዲያ ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንዲያው ዝም ብላ ፈራች፤ ሌላ ምክንያት የላትም። በአሥራ አንደኛው ቀን አባ ሸክላ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ልቡ ቀጥ አለ። ለልጅቷ ተነገራት። ቀብሩ ላይ አልመጣችም። ሰው ሁሉ ልጅ ተብላ እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ቴክኒሻኗ ከሕዝቡ ጀርባ ቆማ፣ አፈር ሲመለስበት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ዛሬ ግን ልጅቷ መጥታለች። አመጣጧ የአባቷን ሸክላዎች ልትረከብ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አግኝቷት፣ ሁለት ቃል ብቻ ብሎ ለምኖ አባቷ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ፕሮግራሙን የሚመራው ዜና አንባቢው ማይክሮፎኑን አስጠጋላት።

«ስለ ጆሮው የተባለውን ሰማሁ» አለች። «ደስ ይላል። ለሰው ሁሉ ነበረው ማለት ነው።»

ማይክሮፎኑንም መልሳ ገፋችው። ዜና አንባቢው መላው ጠፋበት። ቴክኒሻኗ ማይክሮፎኑን ዘግታ ካሏት ዘፈኖች ረጅሙን ለቀቀች፤ ዜና አንባቢውም ውሃ ልጠጣ ብሎ ሹልክ አለ። ቴክኒሻኗ ተነስታ ገባች።

«እትዬ፣ አንቺም ልታወድሽው ነው?» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

«አይሰማም ነበር።»

«ለኔ ትነግሪኛለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህን ሲያጥብ ከጀርባው ቆሜ አወራዋለሁ፤ ዝም። ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር አልኩት፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ታዲያ ሄድኩለት።»

«የኔ ልጅ፣ ስሚኝ። ጆሮው ጠፍቶ ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ፊት ለፊት ከንፈር እያነበበ ነው የኖረው። ደዋዩ የሚለውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምጽፍለት። ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኝ ነው።»

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማዳመጫ አየችው። አንስታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፤ ዘፈኑ ይጮሃል። መልሳ አስቀመጠችው።

«የደወልኩ ቀንስ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ማን እንደሆንሽ አልለየሁም ቢባል ማን ይጠይቃል? ልጅቷ በአባቷ ላይ ያላት ቂም ይወጣል፣ ቴክኒሻኗም ንጹሕ ሆና ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

«የሰማሁሽ እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ መሆንሽንም አውቄያለሁ። ዘፈኑንና ‹ለእናቷ›ን ጻፍኩለት። ልጅህ ናት ብዬ አልጻፍኩለትም። ልምጣ ማለትሽንም አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

«ለዜና አርባ ሴኮንድ ነበር የቀረው።»

ያን ሁሉ ቀን ሲያብሰለስላት የከረመ ምክንያት፣ ከአፏ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለራሷም ተሰማት።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ነገ ነገ ስል... አመለጠኝ።»

ልጅቷ የማዳመጫውን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «እናትሽን ሳሚልኝ ሲለኝ፣ አውቆኝ፣ ሊያባርረኝ መስሎኝ ነበር። በእናቴ ሞት የሚቀልድ ሰው አልቀብርም ብዬ ነው የቀረሁት። አባቴን እኮ ነው ያልቀበርኩት፣ እትዬ።»

ቴክኒሻኗ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበች።

«መደወሌንም ሳያውቅ ሄደ።»

«ሳያውቅ» አለች ቴክኒሻኗ።

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ለቅሶ ነበር። ዘፈኑ ወደ ማለቁ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ዜና አንባቢው ተመልሶ በእጁ ምን ላድርግ እያለ ይጠይቃል። ማንም አላየውም።

«መቃብሩ የት ነው?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«አሁኑኑ ላድርስሽ። ሥራው ገደል ይግባ።»

«አይሆንም። ከአንቺ ጋር አልሄድም። የት እንደሆነ ንገሪኝ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ቴክኒሻኗ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዋናው በር ጀምራ፣ በግራ በኩል ያለውን የውሃ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ቀጥሎ የፈረሰውን አጥር፣ ሦስተኛውን ረድፍ፣ ከዳር አራተኛ ላይ ገና ድንጋይ ያልተደረገበትን አፈር፣ አንድም ቃል ሳታስቀር ነገረቻት።