ሦስተኛው ቡድንና የእናቴ ወንፈል

ባለፈው ሰሞን ፋርስታ ሰፈር ባለው ሕንፃችን ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ነጭ ሱሪ ገመድ ላይ ተረስቶ አገኘሁ። ቀኝ ጭኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ እድፍ አለበት። የሰባት ዓመት ልጄ ቀድማኝ አይታው ኖሮ በስዊድንኛ «ማማ፣ ደም ነው?» አለችኝ፣ ከኋላዬ ተሸሽጋ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ያ እድፍ ደም አይደለም፣ የክሪኬት ኳስ ቀለም ነው። ወርዋሪው ኳሷን አንድ ጎኗ እንዲያበራለት ጭኑ ላይ ሲያሻት፣ ሲያሻት የሚቀር ነው። በሳሙናም አይለቅ፣ በበረኪናም አይለቅ። እዚያው ቆሜ የተልባ ዘይት ሸተተኝ፤ የመምቻውን እንጨት እንዳይሰነጠቅ የሚቀቡት ዘይት። የታጨደ እርጥብ ሣር ሸተተኝ። ልጄ እጄን እየጎተተች፣ እኔ የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ የልጅነት ሰፈሬ ብሬዴንግ ገባሁ።

ከደሴ ከመጣን ሁለተኛው በጋ ነበር። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ ካቢር ቻቻ ደግሞ ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ። ቻቻ በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ የደረጃው ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ከባንግላዴሽ የመጣ ምግብ አብሳይ ነው፤ ቀጭን፣ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። ከአባዬ ጋር የተዋወቁት ጁምዓ ሶላት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤት መካከል ሳህን ይመላለስ ጀመር። ከላይ ዓሣ በሩዝ ይወርዳል፣ ከታች ሳምቡሳ ይወጣል፤ የሰው ሳህን መቼም ባዶውን አይመለስም። እናቴን «ባቢ» ይላታል፣ የወንድሜ ሚስት እንደማለት ነው።

ይኸው ካቢር ቻቻ የአንድ ክሪኬት ክለብ የሦስተኛው ቡድን አለቃ ነበር። አንደኛው ቡድን ጎበዞቹ ናቸው። ሁለተኛው ጎበዝ ለመሆን የሚሞክሩት ናቸው። ሦስተኛው... እንግዲህ ሦስተኛው የተረፈው ሰው ሁሉ ነው። ታክሲ ነጂው፣ ጋዜጣ አዳዩ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሆዱ የቀደመው። የሚጫወቱት በሊጉ የመጨረሻ እርከን ላይ ነው፤ «ከእኛ በታች ያለው ሣሩ ብቻ ነው» እያለ ራሱ ይቀልድ ነበር። የሚያያቸው ሰው የለ፣ የሚከፍላቸው የለ። ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ካቢር ቻቻ ጠርዙ የተበላ ደብተሩን ይዞ ስልክ ላይ ይቀመጣል። ጣሪያችን ስስ ስለነበር ድምፁ እኛ ቤት ይሰማል። «ሄሎ ወንድሜ፣ ቅዳሜስ?» ዝም። «እሺ ወንድሜ፣ ግድ የለም።» እንደገና «ሄሎ ወንድሜ...»። ሙሉ ቡድን አስራ አንድ ሰው ነው። እሱ ግን አስራ አንድ ሞልቶለት አያውቅም።

አንድ ሐሙስ በራችን ተንኳኳ። ካቢር ቻቻ ነው፤ ሳህናችንን መለሰ፣ ባዶውን። እናቴ ሳህኑን አየች፣ ፊቱን አየች።

«ካቢር፣ ምን ሆነሃል? ሰው ሞተብህ?» አለችው፣ በዚያች በሰባራ ስዊድንኛዋ።

«ገና አልሞተም ባቢ። ቅዳሜ ነው የሚሞተው» አለና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

የሚሞተው ቡድኑ ነው። ሜዳ ላይ ሰባት ሰው እንኳ ከቆመ ጨዋታ ይባላል፤ ከሰባት ካነሰ ፎርፌ ነው። በዚያ በጋ ሁለት ጊዜ በፎርፌ ተሸንፈዋል። ሦስተኛ ከሆነ ሊጉ ስማቸውን ይሰርዛል፣ የሜዳ ሰዓታቸውም ለሌላ ይሰጣል። ለቅዳሜ እሺ ያሉት ደግሞ ራሱን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አባዬ ሊያጽናናው ብሎ «ግድ የለህም፣ ሌላ ቡድን ይወስድሃል» ቢለው ካቢር ቻቻ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «በዚህ ጉልበት ማን ይወስደኛል? ሁሴን፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ነኝ። ካቢር የምሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው።»

ይህን ሲል እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ነበር። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ደብተሩን ከእጁ ወሰደች። ላቲን ፊደል ገና በጣቷ እየተከተለች ነበር የምታነበው። አንድ ስም ላይ ጣቷን አኖረችና «ይሄስ ለምን ቀረ?» አለች። ሚስቱ ቅዳሜ ሥራ ትገባለች፣ ሁለት ልጆች አሉት። «ይሄስ?» እሱም ያው ነው፣ ሦስት ልጆች። «ይሄኛውስ?» ጋዜጣ አዳዩ ነው፣ አሮጊት እናቱን ብቻቸውን ትቶ አይወጣም። እናቴ ደብተሩን ዘጋች።

«አይ ካቢር! ሰው መች ጠፋ? ወንፈል ነው የጠፋው።»

ወንፈልን እንዴት ብላ እንዳስረዳችው አልረሳም። በእጇ እያረመች፣ እያጨደች፤ ዛሬ የአንተ እርሻ፣ ነገ የእኔ። ቃሉ በስዊድንኛ የለ፤ በእጅ ግን አለ። እሷ አገር ቤት እያለች የአንድ ሰው እርሻ በአረም ሲዋጥ «ሰውዬው አልቻለም» ተብሎ አይታለፍም፣ ያላስቻለው ነገር ይጠየቃል። አምስቱን ልጆች እኔ እይዛለሁ፣ ሜዳው ዳር ይምጡልኝ አለች። ለአሮጊቷ ደግሞ ወዲያው ስልክ አንስታ በሕንፃው አራተኛ መግቢያ የሚኖሩትን እትዬ ዘሃራን ጠራች። «እትዬ ዘሃራ፣ ቅዳሜ አንዲት ባልቴት ጋ ይቀመጡልኝ እስቲ።» እትዬ ዘሃራ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ ቢጠይቁ «እርስዎ ደግሞ! መቁጠሪያዎን ይዘው ይሂዱ» አለቻቸው። በኋላ እንደሰማነው ሁለቱ አሮጊቶች ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይግባቡ ዱዓ ሲያደርጉና ሲሳሳቁ ውለው፣ ጋዜጣ አዳዩ ሲመለስ «ምነው ቶሎ መጣህ» ተብሏል።

ስድስት ሆኑ። እናቴ ቀስ ብላ ዞራ አባዬን አየችው።

«እንዴ! ኧረ በአላህ! እኔ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅ።»

«ሶፋ ላይ ተጋድመህ ከምትውል ሣር ላይ ቆመህ ተቆጠር» አለችው። ካቢር ቻቻ ዓይኑ እስኪጠፋ ሳቀ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ደረስን። ዙሪያውን የበርች ዛፍ ነው፤ መሐል ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ በሁለቱ ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። እኔ ግን ያየሁት ሰዎቹን ነው። ደረጃ ላይ በጃኬት የማውቃቸው፣ ከሥራ ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉት ሰዎች፣ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ካቢር ቻቻ የወጥ ቤት ሱሪውን፣ አንዱ የቀለም ቀቢ ሱሪ፣ አባዬ የዒድ ሸሚዙን። አረንጓዴው ላይ ተበታትነው ሲቆሙ ሐጅ ላይ ያሉ ሰዎች መሰሉኝ። አፌ ተከፍቶ ቀረ። አምስቱን ልጆች እንድጠብቅ ታዝዤ ነበር፤ እነሱ የእናቴን ቆሎ ጨርሰው አሸዋ ሲበሉ እንኳ አላየሁም።

ተጋጣሚዎቹ ከከተማው ሌላ ጫፍ የመጡ ናቸው፤ አስራ አንድ ሰው፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት። መጀመሪያ የሚመቱት እነሱ ሆኑ። ጨዋታው ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው፦ መቺው ኳሷን መትቶ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ይሮጣል፤ የመታት ኳስ አየር ላይ ከተቀለበች፣ ወይም እሱ ከመድረሱ በፊት ኳሷ እንጨቱን ከጣለች ይወጣል። ካቢር ቻቻ ለአባዬ የነገረውም ይህንኑ ነው፤ «ኳሷን ያዝ፣ እንጨቱን ምታ፣ ሌላ ነገር አታስብ።»

ከተጋጣሚዎቹ ውስጥ ራንጂት የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር። ሲመታ ኳሷ ሜዳው ዳር ያለው ሳማ ውስጥ ትገባለች፣ ሰው ሁሉ ይፈልጋታል። አንዴ ግን በደንብ ሳይመታት ቀረና ኳሷ ተንከባላ አባዬ እግር ሥር፣ ከእንጨቱ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመች። ራንጂት እየሮጠ መጣ፣ እርጥቡ ሣር አዳለጠው፣ በደረቱ ተዘረጋ። አባዬ ኳሷን ይዟል። እንጨቱ ፊቱ ነው። ሰው ሁሉ በየቋንቋው ጮኸ፤ ምታው! ምታው!

አባዬ ኳሷን ጥሎ ሮጠ፤ ወደ ሰውዬው። «እኔን! አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር!» ብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው፣ ጉልበቱን አራገፈለት፣ ደግፎ እስከ እንጨቱ አደረሰው።

ካቢር ቻቻ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ናዲም የሚባለው፣ ፒዛ ቤት የሚሠራው ልጅ እግር ወርዋሪያችን፣ ኮፍያውን መሬት ወረወረና «ይህ ሰው የማን ቡድን ነው?» አለ። አባዬ ግራ ገባው። የወደቀ ሰው ሲያይ ኳስ መወርወር እንዴት ብሎ ይሆንለታል? እናቴ ግን ከዛፉ ሥር ሆና «ደግ አደረግህ!» አለችው በአማርኛ፣ ዛፎቹ እስኪመልሱ ድረስ።

ራንጂት ከዚያ በኋላ ብዙ ሮጠ፣ እያነከሰም ቢሆን፤ መጨረሻ ላይ ወጣና ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የናዲም ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው፤ ተረኛው ቀርቷል፣ አሁኑኑ ና። ናዲም ካቢር ቻቻን ማየት አልቻለም። ሱሪውን እንኳ ሳይቀይር ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ባቡሩ፣ ሮጠ።

ስድስት ቀሩ።

የተጋጣሚው አለቃ ደንቡን ያውቃል። ሁላችንም አወቅን። ካቢር ቻቻ አንድ ቃል አልለመነም፤ ኳስ የሚይዝበትን ጓንት በዝግታ ማውለቅ ጀመረ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። የለመነ ሰው አይቻለሁ፣ የተቆጣ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የሚሸነፍ ሰው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ያኔ ራንጂት ከጥላው ተነሳ። የቅልጥም መከላከያውን ፈታ። እያነከሰ ሜዳውን በሙሉ አቋርጦ ሄደና አባዬ ጎን ቆመ። ለእኛ። በገዛ ጓደኞቹ ላይ። ወደ ካቢር ቻቻ ዞሮ «ሰባት» አለ።

የእነሱ አለቃ «አንተ ከሃዲ! ወደ ቤት በእግርህ ነው የምትሄደው!» ብሎ ጮኸ፤ ግን እየሳቀ ነበር። እናቴ በእጇ አፏን ሸፈነች። «ይሄ ሰውዬ ወንፈል ያውቃል እኮ!» አለች። እኔም ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ያው ራንጂት የገዛ አለቃውን ምት አየር ላይ ቀለበና አስወጣው። የተነሳው ጩኸት! ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ሜዳ ላይ ሰው በወደቀ ቁጥር ቤንጋሊውም ስሪላንካውም «አብሽር!» ይል ነበር።

ተሸነፍን። ያውም በሰፊው። አባዬ ተራው ደርሶ መምቻውን እንደ ዘነዘና ይዞ ቆመና የመጀመሪያዋ ኳስ እንጨቱን ገነደሰችው፤ «አልፋለች እንዴ?» አለ። ካቢር ቻቻ ግን ለሊጉ በሚላከው ወረቀት ላይ «ተሸነፍን» ብሎ የጻፈው ዓይኑ እስኪጠፋ እየሳቀ ነው። ሽንፈትን እንደዚያ አሳምሮ የጻፈ ሰው ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ቡድኑ አልተሰረዘም። ያንን በጋ ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ደብተሩ የእኛ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋ ነበር፤ አንዴ በሰባት፣ አንዴ በስምንት፣ ሲበዛ በዘጠኝ እየተጫወቱ የመጨረሻውን ደረጃ ይዘው ጨረሱ።

ቅጠል ሲረግፍ እኛ ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር ሰፋ ያለ ቤት ደረሰንና ልንለቅ ሆነ። አባዬ ለማንም አልተናገረም፤ ዕቃውን ከአንድ የአክስቱ ልጅ ጋር እናወጣዋለን ብሎ ነበር፤ ጣሪያችን ግን ስስ ነው። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ካቢር ቻቻ ነው። ከኋላው ናዲም፣ ከእሱ ኋላ ጋዜጣ አዳዩ፣ ከዚያ እስከ ታች ድረስ ደረጃው በሰው ሞልቷል፤ መጨረሻ ላይ ራንጂት፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ መጥቶ፣ አሳንሰሩን በጀርባው ደግፎ ይዟል። ቆጠርኳቸው። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ባቢ» አለ ካቢር ቻቻ፣ «ዛሬ ሙሉ ነን።»

አስራ አንድ። በጋውን ሙሉ ለገዛ ጨዋታው አስራ አንድ ሞልቶ የማያውቅ ቡድን።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ወደ ፋርስታ ስገባ ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ቀጠርኩ። ሁለት ጨዋ ወጣቶች መጡ፤ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ በጋሪ ገፍተው፣ ከምሳ በፊት ጨረሱ። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰነጠቀም። ስልክ ላይ በጣቴ ፈረምኩ፣ መልካም ቀን ተመኙልኝ፣ ሄዱ። ቤቱ ዝም አለ። ፊታቸውን ዛሬ መንገድ ላይ ባየው አላውቀውም።

ቬሊንግቢ እናቴ ቤት ያለው ጠረጴዛ እግሩ እስካሁን ይነቃነቃል። ያኔ ስንለቅ ደረጃው ላይ የጣለው ናዲም ነው። ዛሬ ሦስት ልጆች አሉት፤ የትልቋን ስም እናቴ ናት ያወጣችላት።