ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ላስቲክ

ባለፈው ቅዳሜ በተወለድኩበት አገር በአንጋጫ፣ እናቴ በተወችልኝ ጓሮ የእንሰት ችግኝ ልተክል ስቆፍር ዶማዬ ጥቁር ላስቲክ ይዞ ወጣ። ጭቃውን ስጠርገው ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም። ወገቤን ይዤ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ በዚህ ዕድሜ መቆፈርም ማስታወስም ያደክማል።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የኬሚስትሪ መምህራችን ላስቲክ እንዴት እንደሚሠራ አስተምረውን ነበር። ከነዳጅ የሚገኝ ጋዝ በግፊትና በሙቀት እርስ በርሱ እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፤ ሰንሰለቱ እንደ ምስር ደቃቅ ፍሬ ሆኖ ይቆራረጣል፤ ፍሬው ቀልጦ እንደ ፊኛ ሲነፋ ስስ ላስቲክ ይወጣዋል። ውሃ አያሳልፍም፣ አይበሰብስም። ትንሽ እውቀት የያዘ ልጅ ቤት ሲገባ አያድርስ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አምስት እንሰት ፍቃ ነበር። ስድስት ሰባት ዓመት የጠበቀቻቸው ናቸው፤ የመስቀል ቆጯችንም እሱ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ የተፋቀው ሊጥ ተቀብሮ የሚብላላበትን ጉድጓድ እንደ ወጉ የእንሰት ቅጠል ልታለብሰው ስትል ከለከልኳት። ቅጠል ይበሰብሳል፣ ላስቲክ ይሻላል ብዬ ሞገትኳት። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ እጇን አራግፋ፣ «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ጥቁር ላስቲክ አነጠፍኩበት።

ያላወቅሁት ነገር፣ የቆጮ ውሃ ቀስ እያለ መንጠፍጠፍ እንዳለበት ነው። ቅጠሉ ያሳልፈው ነበር፤ ላስቲኩ ጠብታ አላሳለፈም። ለመስቀል ስንከፍተው ሊጡ ዝልግልግ ብሎ ውሃ አቁሯል፤ ሽታውን የቆጮ ጠረን የለመደ አፍንጫ እንኳን አልቻለውም። እናቴ ከነላስቲኩ አፈር መለሰችበት። ለአባቴም ለሴቶቹም እርሾው ከዳኝ አለቻቸው። በዓሉን ጎረቤት በሰጠን ቆጮ አሳለፍን፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ዋለች። ከዚያ ወዲያ «እርሾ የሚከዳት» እየተባለች ኖረች። እኔ አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝምታው እናቴን እስክንቀብር ቆየ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ከእነዚያ ሴቶች በሕይወት የቀሩት እማማ አበበች ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ላስቲኩን አዩት። ያስገባሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያኔ ጫፉን አፈር ላይ አይቼው እናትሽን ጠየቅኋት። ‹አባቷ ከሰማ ከትምህርት ያስቀራታል፣ እርሾ ነው በይልኝ› ብላ ለመነችኝ። አልኩላት።»

ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በጎደፈው የእናቴ ስም ነው።