የሰው ቀሚስና የተቃጠለ ዘይት

ቅቤ የማልወድ ልጅ ነበርኩ። ከምባታ ተወልዶ ቅቤ አለመውደድ ምን ያህል እንደሚያስቅ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ፀጉሬን ልትቀባኝ ስትይዘኝ እጮህ ነበር፤ ቀልጦ በአንገቴ ሲወርድ ገላዬን ውርር ያደርገኛል። አክስቶቼ "ይቺ ልጅ የድሃ ሚስት መሆኗ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስብ፣ ሞራ፣ ዘይት፣ ጣት ላይ የሚያሟልጭ ነገር ሁሉ ያቅለሸልሸኛል። ዛሬም አርጅቼ እንደዚያው ነኝ።

በጃንሆይ ዘመን አስተማሪ ሆኜ ሆሳዕና ስገባ የተከራየሁት የአንድ ጉራጌ ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበር። ነጋዴው ባልየው ይባሉ እንጂ ሱቁን የሚያዙት ሚስታቸው ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። ጨርቅ በጣታቸው አሽተው፣ አንዳንዴም ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ከየት እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ ይናገራሉ። ሳቅ አያበዙም።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ታናሽ እህቴ አንጋጫ ካለው ከወላጆቼ ቤት ልትዳር ሆነ። እትዬ "የምትለብሺውን አሳዪኝ" አሉና ያሳየኋቸውን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

"አስተማሪ ተብለሽ ይሄንን ለብሰሽ ልትሄጂ? የማን ግቢ ነው የምትኖረው ቢሉስ?"

ሣጥናቸውን ከፍተው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አወጡ። ደረቱና ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ ራሳቸው ለመስቀል ካልሆነ የማይለብሱት ነው። "እንደወሰድሽው መልሺው" አሉኝ።

በሠርጉ ዕለት ጠዋት እህል ሊጭን ወደ አንጋጫ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ አስተማሪ ናት ብሎ ጋቢና አስገባኝ። ጎልማሳ ነው፤ ጥፍሮቹ ዙሪያቸውን ጠቁረዋል፤ መሪው ራሱ ከእጁ ጋር የሚጣበቅ ይመስላል። መቀመጫው ላይ፣ በእኔና በእሱ መሐል፣ አፉ የተቆረጠ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ላይ አንዲት ዝንብ ሞታ ትንሳፈፋለች።

"ይሄ ምንድነው ጋሼ?"

"የተቃጠለ ዘይት ነው። ከሌላ መኪና ያወጣሁት። ይሄኛው ሞተር ዘይት ይጠጣል፤ መንገድ ላይ ካላጎረስኩት ይቆማል። በይ ደግፈሽ ያዥልኝ።"

ደግፈሽ ያዥልኝ! ጠርዙ ላይ እንደ ንፍጥ የደረቀ ነገር ተጋግሯል። መሐረቤን አውጥቼ በሁለት ጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነካሁት፤ ፊቴንም ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው የምለው ለዚህ ነው። እንደ ሰው በሁለት እጄ ይዤው ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

አንድ ቦይ ላይ መኪናው ዘለለ። ቆርቆሮው ጭኔ ላይ ተደፋ።

ለብ ያለ ነበር። እስከ ዛሬ የማልረሳው እሱን ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የከብት ሽንት ያህል ሞቆ በቀሚሱ፣ በውስጥ ልብሴ፣ በጭኖቼ መሐል ሰርጎ ወረደ። ሽታው የከረረ፣ ያረረ፣ የዛገ ብረት የተቀቀለበት ዓይነት ነው። ጮህኩ። ሹፌሩ መኪናውን አቆመና ዞሮ በእኔ በኩል መጣ። ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የቀሚሱን እጥፋት እንደ ከረጢት ሰብስቦ ያዘና ጭኔ ላይ የተጠራቀመውን ዘይት መልሶ ወደ ቆርቆሮው አንጠፈጠፈው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት።

"ሞተሩ ምን ይጠጣ ታዲያ?" አለ። ከመቀመጫው ሥር ጨርቅ አወጣ፤ ጨርቁ ከዘይቱ የባሰ ነው። እምቢ ከማለቴ በፊት ጥርግ ጥርግ አደረገኝና እንጀራ የሚያህለውን እድፍ እስከ ጉልበቴ አዳረሰው። "አይዞሽ፣ ዘይት እንጂ መርዝ አይደለም" አለኝ።

ሠርጉ ቤት ስደርስ እናቴ ከበር ላይ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ታላቂቱ አክስቴ ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ፤ የፈላ ውሃ ደፋችበትና በልብስ ሳሙና ፈተገችው። ውሃው ወርዶ እግሬ ሥር ረጋ፤ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ተዘረጋ። እድፉ ግን ከጥቁርነት ወደ ቡናማ ተለወጠ እንጂ አልለቀቀም። እርጥቡን ቀሚስ ለብሼ፣ የአባቴን ጋቢ ከወገቤ በታች ጠምጥሜ፣ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ሌላ ቦታ አገኙ።

የቡላ ገንፎ መጣ፤ መሐሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል። የሚያብረቀርቀውን ሳይ ጭኔ ላይ የወረደው ትዝ አለኝ። አፌን ይዤ ወጣሁና አጥሩ ሥር አስመለሰኝ።

ከዚያ ቀን ሁሉ የሚቆጨኝ ግን ይሄ አይደለም። ሙሽራይቱ ልትወጣ ስትል ሁሉንም እየሳመች መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋች። ነጭ ለብሳለች፤ ያላት ነጭ ልብስ እሱ ብቻ ነው። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

"አትንኪኝ፣ ትቆሽሻለሽ!"

"ምን አለበት?" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"አትንኪኝ ብያለሁ!"

ጮኼ ነው የተናገርኩት። ሰው ዞሮ አየን። እህቴ እጇን አጠፈች፤ ሚዜዎቹም ወሰዷት። ሸሽቼ ያዳንኩት ልብሷን ነው ብዬ ራሴን ባጽናናውም፣ የሸሸሁት ከገዛ ገላዬም ጭምር ነበር። በዚያች ሰዓት ሰው እንዲነካኝ አልፈለግሁም።

በማግስቱ ሆሳዕና ስመለስ ቀሚሱን ጠቅልዬ ይዤ እትዬ ፊት ቆምኩ።

"እትዬ፣ ቀሚስዎን አበላሸሁት።"

ዘረጉት። አሸተቱት። ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

"በምን አጠባችሁት?"

"በፈላ ውሃና በሳሙና።"

"ጉድ ነው! ሰው አስተምራለሁ ትያለሽ! ሙቅ ውሃ እኮ ዘይቱን ክሩ ውስጥ ይከተዋል። ቅባት የሚወጣው በቅባት ነው።" ወደ ጓዳ ገብተው የከረመ ቅቤ በቅል ይዘው መጡ። ሽታው ከበሩ ቀድሞ ደረሰ። "በይ በዚህ እሺው።"

"እኔ?"

"ያበላሸው ማነው?"

እጄን ቅሉ ውስጥ ስከት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቅቤው በጣቶቼ መሐል ተጨመቀ፤ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ግራጫ ሆነና በጥፍሬ ሥር ገባ። እንደዚያው አሸሁት። እትዬ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "ክሩን እየተከተልሽ፣ እንዳትጎትቺው" ይላሉ። ቅቤው ጠቁሮ ሲወጣ በማንኪያ ይፍቁታል፤ ሌላ ያመጣሉ። እስከ ማክሰኞ ማታ ይህንኑ ሠራን። ከዚያ በነጭ ጋዝ ነከርነው፤ ምድጃ እንዳይቀርበው ብለው ጓሮ አሰጡት። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ አፍንጫቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር። እጄን በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ ብፈትገውም ሽታው አለቀቀኝም፤ ዳቦ ስቆርስ ዳቦው ጋዝ ጋዝ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። ረሃብ ካልጠናብኝ መብላት ተውኩ።

የቀረው እድፍ የመዳፍ ያህል ነበር። "ይሄን የሚያነሣው ሐሞት ነው" አሉ እትዬ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ሐሙስ ጠዋት ራሳቸው ሄደው የበሬ ሐሞት ከነከረጢቱ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አመጡ። አረንጓዴ ነው፤ ትንፋሽ ያለው ይመስል ይንቀጠቀጣል። "ያዥው" አሉኝ። ያዝኩት። በመርፌ ሲወጉት ፈንጥቆ ከንፈሬን ነካኝ። ምሬቱ ምላሴን አልፎ ጆሮዬ ሥር ተሰማኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ከት ብለው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

"ትፊው! ትፊው እንጂ፣ ምን ትውጪዋለሽ!"

ሐሞቱን ከሳሙና ጋር ደባልቀን እድፉ ላይ ደፋነው። አረንጓዴ አረፋ ኩፍ አለ። ዝንቦች መጡ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅነው፣ እንደገና ደፋን፣ እንደገና አለቀለቅን። በሦስተኛው ከእድፉ ሥር ነጩ ብቅ አለ። የማየውን አላመንኩም። ያ ሁሉ አስጸያፊ ነገር እርስ በርሱ ተበላልቶ ነጭ ጨርቅ ትቶ ሄደ።

እሑድ ዕለት ከፀሐይ ላይ አንሥተው ፊቴ ዘረጉት። በደንብ ለሚያውቅ ሰው ካልሆነ የማይታይ ቢጫ ጥላ ቀርቷል።

"አሽትቺው" አሉኝ።

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። "ንጹሕ ነው እትዬ።"

"ትንፋሽ ይዞ ይሸተታል? ሳቢ እንጂ!"

ሳብኩ። ሳሙና፣ ፀሐይ፣ ከሥር ደግሞ ሐሞት። ፊቴ ሳይጨማደድ አልቀረም፤ ቀሚሱን ከእጄ ተቀብለው እሳቸውም አሸተቱትና ፊታቸው እንደ እኔው ተጨማደደ።

"ሦስት ቀን ይጨመርበት" ብለው መልሰው ገመዱ ላይ ሰቀሉት።