ከመጨረሻዋ ፉርጎ በስተኋላ

ሶላንዥ ቬሲየር የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው መዝጊያ ስትዘጋና ስትከፍት ነው። ቤቷ ከመንደራችን ወጣ ብሎ፣ የመኪናው መንገድና የባቡሩ ሐዲድ በሚተላለፉበት ቦታ የቆመ ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው። ባቡር ሲመጣ ወጥታ መዝጊያውን ታወርዳለች፤ ሲያልፍ ታነሳለች። ትራክተር ላይ የተቀመጠ ገበሬ ቸኩሎ ጥሩምባ ቢነፋባት፣ "መሞት ካማረህ ሂድና መጀመሪያ ሚስትህን አስፈቅድ!" ትለዋለች። ባቡር እሁድም በዓልም ስለማያውቅ እሷም ከደጇ ርቃ ሄዳ አታውቅም።

እኔ ኡጌት ጎረቤቷ ነኝ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሶላንዥን የማውቃት ገና ሁለታችንም ቀጫጮች ሳለን ነውና፣ አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሥሩ አውቀዋለሁ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ከተራራው የሚወርደው የዕቃ ባቡር ከሁሉም ኋላ አንዲት የተዘጋች ፉርጎ ይጎትት ነበር። ያቺ ፉርጎ ስታልፍ ሽታ ትታ ትሄዳለች። አፈር አፈር ይላል፣ ማርም የነካው ይመስላል፣ ግን ጠለቅ አድርጎ የሳበው ሰው ጉሮሮው ድረስ ይመረዋል። ሶላንዥ መዝጊያውን ካነሳች በኋላ እንኳ ቆማ ታሸታለች። ከላይ ካለው ጣቢያ "ባቡሩ ተነስቷል" ብሎ በስልክ የሚያስታውቃት ፌሊሲየን የሚባል ሰው ነበር። በዓይን አይተዋወቁም።

"ፌሊሲየን፣ ኧረ በፈጠረህ፣ ምንድን ነው የምትጭኑት?"

"የጳጳሱን ካልሲ።"

በዓመቱ ደግማ ስትጠይቀው "አማቴን" አላት። በሦስተኛው "ምስጢር ነው፣ መንግሥት ያስረኛል" አለ። እንዲህ ሲያሾፍባት ጡረታ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ መስመሩም አላዋጣም ተብሎ ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቅሎ በቦታው ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ልስልስ ያለ የጠጠር መንገድ ተሠራ።

ሶላንዥ ቤቱን አልለቀቀችም። አሁን በደጇ የሚያልፉት ብስክሌተኞች ሆኑ። ከተራራው የሚወርደውን ሁሉ ውሃ እያጠጣች ትመረምራለች።

"ላይ ምን አለ?"

"በጣም ቆንጆ ነው፣ እሜቴ።"

"ቆንጆ እሱማ ይሁን፤ ምን አለ ነው የምልህ!"

አንድም የሚያረካ መልስ የሰጣት የለም።

በረዶው መንገዱን በሸፈነበት በየካቲት ወር አንድ ቀን፣ እኔ ቤት ሾርባ እየጠጣን ሳለ ማንኪያዋን አስቀመጠችና "ራሴ ሄጄ አየዋለሁ" አለች።

"በምን?" አልኳት።

"በብስክሌት ነዋ። እናንተም ትመጣላችሁ።"

"እናንተ" ያለችው እኔንና ወንድሜን አርማንን ነው። አርማን ብስክሌት ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ይወዳደር ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ ሰው በእግሩ የሚሄድ አይመስለውም። ይህን እንደሰማ ካርታውን ተሸክሞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና አራቱን ጫፍ በጨው ዕቃ፣ በቢላ፣ በዳቦና በእኔ ክንድ አስያዘው።

"መጀመሪያ ቀን እዚህ ድረስ" አለ፣ በእርሳሱ ግማሽ ካርታውን አቋርጦ። "በሁለተኛው ተራራውን እንወጣለን። ሦስተኛው ቀን ላይ መጨረሻው ጣቢያ ደርሰን ተመልሰናል።"

"የቀረውን የሳምንቱን ቀን ምን ልንሠራበት ነው?" አለች ሶላንዥ።

"ቤታችን ገብተን እናርፋለን።"

"አርማን፣ እኔ ባቡር አይደለሁም። ባቡር ሆኜ ብሄድማ ምን አያለሁ?" እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና ገና ከመንደራችን ሳንወጣ አንድ ነጥብ አደረገች። "እዚህ ምሳ እንበላለን።"

"እዚህ? ከዚህ እኮ የኡጌት ጭስ ማውጫ ይታያል!"

"ይታይ። ድልድይ አለ አይደል? ከድልድዩ ሥር ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም።"

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ካርታው በነጥብ ተሞላ። ሶላንዥ እንደ እሷ ቤት ያሉትን የማቋረጫ ቤቶች ሁሉ እያንኳኳች ማን እንደሚኖርባቸው ማየት ፈለገች። አርማን ደግሞ "ይህ ጉብኝት ነው ወይስ ቆጠራ?" እያለ ይነጫነጫል። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየማደሪያችን ጥሩ አልጋ።

ሌላው ጭቅጭቅ የብስክሌቱ ነበር። አርማን በሶላንዥ የታመመ ጉልበት ምክንያት ሞተር የሚያግዘው ብስክሌት ልትይዝ ይገባታል ብሎ አሰበ። ቅር ይላታል ብሎ ስለፈራም ነገሩን ከሩቅ ጀመረው። ስለ ዘመኑ ቴክኒክ አወራ፣ ስለ ዕድሜ አወራ፣ ታላላቅ ሰዎችም እንደሚጠቀሙበት አወራ። ሶላንዥ አፍጥጣ ስትሰማው ቆየችና፣ "ራሱ የሚገፋ አለ ነው የምትለኝ?" አለች።

"አዎ፣ ግን እኮ አያሳፍርም..."

"ታዲያ እስካሁን ምን ያደርቀኛል ይሄ ሰውዬ! አምጣው!"

መስከረም ሲገባ ተነሳን። ሶላንዥ እንዳለችው ድልድዩ ሥር በላን። ከሥሩ ያገኘነው አንድ የዛገ አልጋና ትልልቅ ዓሦች ነው፤ ሶላንዥ በሁለቱም ተደሰተች። በየማቋረጫው ቤት እያቆመች በር አንኳኳች። በአንደኛው ፒያኖ የሚያስተካክል ሰው አገኘን። በሌላው ዝይ የምታረባ ሴትዮ ዝዮቿን ለቀቀችብን፤ አርማን ያን ጊዜ በወጣትነቱ እንኳ ባልጋለበው ፍጥነት ጋለበ። ሶላንዥ ከብስክሌቷ ወርዳ አጥሩን ተደግፋ ስትስቅ መተንፈስ አቅቷት ነበር።

ከዚያ ዋሻ ገባን፣ ወጣን፣ አየሩ ቀዘቀዘ። ዛፉ አለቀና ሰፊው የላሞች ሜዳ ተገለጠ። በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ነው፣ ከፊታችን ትሄድ የነበረችው ሶላንዥ ድንገት ፍሬን ያዘች። ልጋጫት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

"ምነው? ጉልበትሽ ነው?"

"ዝም በይ። ይሸትሻል?"

ሸተተኝ። አፈሩም ማሩም መራራውም። ብስክሌቷን ሣሩ ላይ ጥላ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። እኛም ብስክሌቷን አንስተን ተከተልናት። ከፊታችን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም መጋዘን ነበር። ውስጡ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ የተጣመመ፣ ጭቃ ያልለቀቀው ሥር ተከምሯል። በወንፊት መደርደሪያ ላይ የተከተፈው ይደርቃል። ኖኤሚ የምትባል ትከሻዋ ሰፊ የሆነች ወጣት ሴት ከክምሩ ኋላ ብቅ አለች።

"ምን ልታዘዝ፣ እማማ?"

"ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ዣንሲያን ነዋ! የቢጫዋ አበባ ሥር። ከምሳ በፊት የሚጠጣው መራራ መጠጥ የሚሠራው ከዚህ ነው።"

ሶላንዥ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የዚያ መጠጥ ጠርሙስ እቤቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ስኳር ተጨምሮበት፣ ተጣርቶ የሚመጣው ግን ከደረቀው ሥር ጋር በጠረኑ አይገናኝም።

"ዕድሜ ልኬን እየጠጣሁት!" አለች። "ያ ፌሊሲየን! መቃብሩ ላይ ሄጄ ነው የምሰድበው።"

ኖኤሚ አንዲት ስንጥር ቆርጣ ሰጠቻት። ሶላንዥ ስታኝክ ፊቷ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ፤ ከእሬት ይብሳል። ግን አልተፋችም። ሌላ ጥያቄ አመጣች። እንዴት ነው የምታወጡት? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

"ይቺን" አለች ኖኤሚ አንዷን ሥር እያሳየቻት፣ "ስትበቅል እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ሲያወጧት ለማየት ከፈለጉ ግን ነገ ጠዋት ይምጡ።"

በማግስቱ ከቆፋሪዎቹ ጋር ሜዳው ላይ ወጣን። "የሰይጣን ሹካ" የሚሉት ባለ ሁለት ጥርስ ረጅም ብረት አላቸው፤ ሥሩ አጠገብ ይሰኩትና በሙሉ ክብደታቸው ይጫኑታል። ሶላንዥ ካልሞከርኩ አለች። ተንጠለጠለችበት፣ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። እኔም መጥቼ ተንጠለጠልኩ። መሬቱ ድንገት ለቀቀንና ሁለታችንም በጀርባችን ወደቅን፤ ሥሩ ከላያችን ነበር። ቆፋሪዎቹ እየሳቁ አነሱን። ሶላንዥ ያን ሥር እንደ ሕፃን ታቅፋ አልሰጥም አለች።

"እሺ፣ አሁን እንሂድ" አለ አርማን። "መጨረሻው ጣቢያ እኮ እዚሁ ቅርብ ነው።"

"አልሄድም። ማድረቁን አላየሁም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ለመጨረሻው ጣቢያ አይደል እንዴ የመጣነው!"

"አንተ ሂድ። ጣቢያው የትም አይሸሽም።"

አርማን ተናዶ ብቻውን ሄደ። ሶላንዥ የቀረውን ሳምንት ከኖኤሚ ጋር ሥር ስታጥብና ስትከትፍ ከረመች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ጊዜ እየከተፍኩ፣ አንድ ጊዜ እያንቀላፋሁ። ደስ የሚል ዕረፍት ነበር። አልጋውም ጥሩ ነበር።

አርማን ሲመለስ ፊቱ በወሬ አብጦ ነበር። "አላመንኩም እኮ!" ብሎ ጀመረ። "የመጨረሻው ጣቢያ..."

"አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! ራሴ ነኝ የማየው!" ብላ ጮኸችበት ሶላንዥ። እጆቿ ጭቃ ስለነበሩ፣ "ኡጌት፣ ጆሮዬን ያዢልኝ!" አለች። ያዝኩላት።

አርማን ለእኔም እንዳይነግረኝ አስማለችው። ምስኪን ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ ወሬው በሆዱ እየተገላበጠ አሳለፈ። እኔ ዛሬ ነገ ያመልጠዋል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ አንዴ እንኳ አላመለጠውም።

በቀጣዩ መስከረም ሶላንዥ ማንንም ሳታማክር፣ ካርታም ሳትይዝ ብቻዋን ወጣች። ከኖኤሚ ጋር ጥቂት ቀን ሠርታ ወደ ላይ ቀጠለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"ኡጌት፣ ደረስኩ።"

"እሰይ! ምን አለ?"

ስትስቅ ይሰማኛል። ከበስተኋላዋ ደወል የሚመስል፣ ደግሞም ብዙ ሰው የሚንጫጫ የሚመስል ድምፅ አለ።

"ቆንጆ ነው" አለች።

"ሶላንዥ! ምን አለ ነው የምልሽ!"

"ነይና እዪዋ!" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እኔም ብስክሌቴን እየገፋሁ ጎማውን እንዲያይልኝ ወደ አርማን ሄድኩ።